በጥር የምናየው፣ በነሐሴ የማንሰማው

ጥር ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለቆመ ሰው ወፍ መቁጠር ቀላል ሥራ ይመስላል። አሞራ ገደል፣ አሳ ገበያው ጋ ሂዱ። አባ ኮዳ ትከሻውን ሰብቆ፣ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ ቆሟል። የአሳ ሆድቃ ሲጣል ክብሩን ረስቶ ይሻማል። ነጫጭ ሳቢሳዎች በጀልባዎቹ መሀል ይዞራሉ። ከዛፉ ላይ ጉሬዛ ቁልቁል ያያል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪም ቢሆን አንድ፣ ሁለት እያለ ሊቆጥር ይችላል።

እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። በአንዱ ዓመት ጥር ላይ ከወፍ ቆጣሪዎች ጋር በበጎ ፈቃድ ወጣሁ። አራት ነበርን። አንዱ ቴሌስኮፕ ተሸክሟል፣ ሁለቱ ባይኖኩላር አንጠልጥለዋል፣ እኔ እስክሪብቶ ይዣለሁ። የወፍ ስም የማያውቅ ሰው ጸሐፊ ይሆናል፤ ደንቡ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረን በፍቅር ሐይቅ በኩል ያለውን የአፈር ግድብ ይዘን ሄድን። አምስት ሰዓት ሲሆን ሁለት ገጽ ሞልተናል። ደስ ብሎናል።

ግድቡ ሥር አንድ አሳ አስጋሪ መረብ ሲጠግኑ አገኘን። ስድሳውን ያለፉ ይመስላሉ። ምን እንደምንጽፍ ጠየቁን፤ ነገርናቸው።

"ጥቁሯንስ? እግሯ ቀይ፣ አፏ ቢጫ የሆነችውን?"

ከቆጣሪዎቹ አንዱ ወዲያው ገባው። ብላክ ክሬክ የሚሏት ናት። ወረቀቱን አየሁ።

"አንድ አይተናል ጋሼ" አልኩ።

መረቡን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሳቁ። "አንድ? እዚህ ፊላ ውስጥ ሲጨቃጨቁ እንቅልፍ ይነሱናል እኮ!"

ነገሬ ሁሉ ስለዚያች አንድ ቁጥር ነው። ብላክ ክሬክ ብርቅ ወፍ አይደለችም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ውሃና ፊላ ባለበት ብዙ ቦታ ትገኛለች። ግን የተለመደችው እንዲህ ካመለጠችን፣ ብርቅዬዎቹማ እንዴት ይታዩናል? ቆጠራችን የሚያገኘው ራሱን የሚያሳየውን ወፍ ነው። ፊላና ቄጠማ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው፣ ዳርቻው ሲነካ ግን ቀድሞ የሚሄደው፣ ወረቀቱ ላይ ድሮም አልነበረም። ስለዚህ ሲጠፋም ማንም አያውቅም።

ለምን ጥር?

ጥር ዝም ብሎ አልተመረጠም። ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የሚያስተባብረው ዌትላንድስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ነው። በብዙ አገሮች በአንድ ሰሞን፣ ፈረንጆቹ ጃንዋሪ በሚሉት ወር አጋማሽ፣ ለእኛ ጥር መጀመሪያ ላይ ይካሄዳል። ያኔ የሰሜኑ ዓለም ሐይቅ በረዶ ሆኗል። ዳክዬውና በጭቃ ላይ የሚሮጡት ባለረጅም እግር ወፎች ወደ ሞቃት ውሃ ወርደዋል። ከነሱ ብዙዎቹ የእኛን ስምጥ ሸለቆ ይዘው የሚመጡ ናቸው። መስከረም ገደማ ይገባሉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። በተሰበሰቡበት መቁጠር ነው ሐሳቡ፤ ጥሩ ሐሳብም ነው።

ለቆጣሪውም ይመቻል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መንገዱ ደረቅ ነው። ባጃጁ እስከ ውሃው ዳር ያደርሳችኋል።

አቆጣጠሩ ራሱ ሙያ አለው። ሦስት መቶ ዳክዬ አንድ ላይ ሲቀመጥ አንድ በአንድ የሚቆጥር የለም። አሥሩን ትቆጥራላችሁ፤ አሥር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ዓይናችሁ ይለምዳል። ከዚያ ያንን "አሥር" እንደ ክንድ እየለካችሁ መንጋው ላይ ትዘረጋላችሁ። የሚያስፈራው ነገር ሁለቴ መቁጠር ነው። እዚህ የቆጠራችሁት መንጋ ተነስቶ ወደፊት ሄዶ ያርፋል፤ እናንተ ደርሳችሁ "ሌላ ሦስት መቶ!" ትላላችሁ። ለዚህ ነው አንዱ ሁልጊዜ ሰማይ ሰማይ የሚያየው። በዚያ ቀን ሰማይ ያየው ልጅ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቷል፤ ይህም የሙያው አካል ነው መሰል።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። አንድ ረግረግ "ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ አለው" እንዲባል ረግረጎችን ለመጠበቅ አገሮች በፈረሙት የራምሳር ስምምነት ከተቀመጡት መለኪያዎች ሁለቱ የታወቁ ናቸው። አንደኛው 20,000 የውሃ ወፎችን በቋሚነት ማስተናገድ ነው። ሌላው የአንድን ዝርያ ወይም የዝርያውን አንድ ክፍል ብዛት 1 በመቶ መያዝ ነው። ሁለቱም ብዛት ይላሉ። ሜዳ ላይ ወጥቶ የሚሰበሰበውን ወፍ ይወዳሉ። ፊላ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚኖር ወፍ በምን ተአምር ሃያ ሺህ ይሞላል? ከመቶ አንዱን ለመሙላትም እንኳ መጀመሪያ መቶው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እርግጥ በመጥፋት ላይ ያለ ዝርያ የሚኖርበትን ቦታ የሚመለከት መለኪያም ስምምነቱ ውስጥ አለ። እሱ ግን መጀመሪያ ወፉ መኖሩን ማሳየት ይጠይቃል። መኖሩን ማሳየት ነው እንግዲህ ጣጣው።

አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም

የረግረግ ወፍ አፈጣጠሩ ለመደበቅ ነው። ክሬክና መሰሎቿ ሰውነታቸው ከጎንና ከጎን የተጫነ ያህል ጠባብ ነው። በሁለት የፊላ አገዳ መሀል እንደ ደብዳቤ ሾልከው ያልፋሉ። ጣታቸው ረጅም ነው፤ የወደቀ ሳር ላይ ሳይሰምጡ ይሄዳሉ። አደጋ ሲመጣ መብረር አይወዱም፤ ይሮጣሉ። ጥር ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። የሚጮሁት ሲጣመሩና ክልላቸውን ሲያስከብሩ ነው፤ ያም ዝናብ ረግረጉን ሲሞላው ነው። ስለዚህ እኛ የምንሄደው ዝም ባሉበት ወር ነው፤ የምንጠቀመው ደግሞ ጆሯችንን ሳይሆን ዓይናችንን ነው።

ይህ ቁጥሩን ከማሳነስ የባሰ ነገር ያመጣል። እንበልና አንድ የፊላ ዳርቻ ውስጥ ሃያ ክሬክ አለ። ጠዋት በዚያ የሚያልፍ ሰው አንዷን ያያል። ወረቀቱ ላይ "1" ይጻፋል። በዓመቱ ፊላው ግማሹ ተቆረጠ። ወፎቹ አሥር ቀሩ። ግን መደበቂያው ስለሳሳ የዚያ ቀን ሁለት ታዩ። ወረቀቱ ላይ "2" ይጻፋል። ቢሮ የተቀመጠ ሰው ሁለቱን ዓመት ሲያስተያይ ወፉ በእጥፍ ጨምሯል ይላል። ማንም አልዋሸም። ቆጣሪው ያየውን ጽፏል፤ ቢሮ ያለው ያገኘውን ደምሯል። እውነቱ ግን ተገልብጦ ቁጭ ብሏል።

ይህ ምሳሌ ነው፤ የተለካ ነገር አይደለም። ግን አሠራሩ እንዲህ ነው። ወፎችን የሚያጠኑ ሰዎች ከቁጥሩ በፊት "ካለ የማየት ዕድሌ ስንት ነው?" ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ወደ አንድ ቦታ አንዴ ሄዶ መመለስ አይበቃም። ያው ሰሞን ሁለቴ ሦስቴ መመላለስ ያስፈልጋል። በሦስቱም ጉብኝት የተገኘ ወፍ አለ፤ ከሦስቱ በአንዱ ብቻ የተገኘ አለ። ልዩነቱ ራሱ ምን ያህል እያመለጠን እንደሆነ ይነግረናል።

አሜሪካኖቹ ይህን ነገር በደንብ የተማሩት በባህር ዳር ረግረጎቻቸው ላይ ነው። በአትላንቲክና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ጨዋማው ሳር ውስጥ፣ ብላክ ሬይል የምትባል ወፍ አለች። መጠኗ የድንቢጥ ያህል ነው። ጥቁር ናት፣ እንደ አይጥ ሳር ለሳር ትሮጣለች፣ የምትጮኸው በአብዛኛው ሌሊት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ወፍ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች እንኳ ሰምተዋት ሳያዩዋት ይቀራሉ። ስለዚህ የሚቆጥሯት በጆሮ ነው። በመራቢያዋ ወቅት ተመላልሰው ወደተመረጡ ነጥቦች ይሄዳሉ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ከዚያ የተቀዳ ድምጿን በትንሽ ስፒከር ያሰማሉ። ክልሏ የተነካ የመሰላት ወፍ ትመልሳለች። የመለሰችው ትጻፋለች፤ አቅጣጫዋና ርቀቷም ይጻፋል።

በዚህ መንገድ የተሰበሰበው መረጃ ነው የምሥራቁ ብላክ ሬይል ቁጥር ከ75 በመቶ በላይ ማሽቆልቆሉን ያሳየው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ መንግሥት ስጋት ላይ ያለች ብሎ በሕግ ጥበቃ ሥር አደረጋት። ባሕሩ ከፍ እያለ ነው፤ ጎጆዋ ያለበት ከፍ ያለው ሳር በማዕበል ይዋጣል፤ ከኋላዋ ደግሞ መንገድና ቤት ስላለ ማፈግፈጊያ የላትም። በዓይን ብቻ ቢቆጥሩ ኖሮ ድሮም አትታይ፣ አሁንም አትታይ፤ ምን ተለወጠ ይባል ነበር?

እንግሊዞችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ቢተርን የተባለው ሳቢሳ መሰል የፊላ ወፍ ወንዱ በጸደይ እንደ ባዶ በርሜል ያገሳል። የሚቆጥሩት ግሳቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በመላ አገሪቱ የተሰሙት ወንዶች 11 ብቻ ነበሩ። ደነገጡ። ፊላውን አደሱ፣ ውሃውን መለሱ። አሁን የሚሰሙት ከ200 በላይ ናቸው። አሥራ አንድ መሆኑን ባያውቁ ኖሮ አይደነግጡም ነበር።

በርጋ ላይ የሆነው

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ አዲስ ዓለም አካባቢ፣ በርጋ የሚባል ረግረግ አለ። ደጋ ነው፣ ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ይቋጥራል፤ ሳሩና ቄጠማው ይነሳል። ያኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዷ እዚያ ትፈለፍላለች። ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል ትባላለች። መጠኗ ከድንቢጥ ብዙም አይበልጥም፤ ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ ነገር ብልጭ ይላል። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ከሚላቸው ተርታ አስገብቷታል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል።

ጥር ላይ በርጋ ሂዱ። ደረቅ ሜዳ ነው። ከብት ይግጣል። እንዲህ ያለች ወፍ እዚህ ትፈለፍላለች ብሎ ለማሰብ እብድ መሆን ያስፈልጋል። የተገኘችው ሰው ክረምት ላይ በጭቃ ውስጥ ስለገባ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እዚያ ከአካባቢው ሰው ጋር ሠርቷል፤ ከደቡብ አፍሪካ ወፍ ወዳዶች በመጣ ድጋፍም ትምህርት ቤት ተሠርቷል። ጉዳዩ ከብት መቼ ይግባ፣ ሳር መቼ ይታጨድ የሚል ነበር፤ የጎጆ ጊዜ ከሳር ጊዜ ጋር ይጋጫልና።

ደቡብ አፍሪካኖቹም በበኩላቸው አንድ ትምህርት አግኝተዋል። ወፏ እነሱ ጋ ለእንግድነት ብቻ የምትመጣ ይመስላቸው ነበር። በሰልፍ ሆነው ሳሩን እየረገጡ ሲያስነሷት ኖረዋል። እንዲህ ያለ ፍለጋ ወፏን ያስደነግጣል፤ ጎጆም ሊረግጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ መጨረሻ ሚደልፐንት በተባለው ረግረግ እንቅስቃሴ ሲያይ ራሱ የሚያነሳ ካሜራ ሳሩ ውስጥ ተከሉ። ካሜራው ከጫጩቶቿ ጋር አሳያቸው። አብራቸው ስትራባ ኖራለች ማለት ነው።

ሐዋሳ ላይ ፍላፍቴይል አለች እያልኩ አይደለም። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው፤ በርጋ ደጋ ነው። እያልኩ ያለሁት፣ ያልተሄደበት ወር ምን እንደሚደብቅ በርጋ አሳይቷል ነው።

ጨለለቃና የበዓል ቄጠማ

አሁን ወደ እኛው ሰፈር እንምጣ። ሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። ጥቁር ውሃ ደግሞ የሚመጣው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። (ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ጨለቅለቃ ሌላ ነው። የውጭ አገር ወፍ ተመልካቾች ሁለቱን ስም ሲያደበላልቁ አይቻለሁ፤ የእነሱ ሪፖርት ሲነበብ መጠንቀቅ ነው።) ሽማግሌዎቹ ጨለለቃ ሐይቅ ነበር ይሏችኋል፤ ጀልባ የሚሄድበት ሐይቅ። ዛሬ ሳር፣ ፊላና ጭቃ ነው። ዳሩ እየታረሰ፣ እየተቦረቦረ፣ እየተሠራበት ነው። ከላይ ካለው ተራራ የሚወርደውን ደለል ሐይቁ ከመድረሱ በፊት የሚይዘው ይህ ረግረግ ነው። ስለ ሐይቁ ጤና የሚያወራ ሰው ስለ ጨለለቃ ሳያወራ ካለፈ ግማሹን ትቷል።

ከተማ ውስጥ ስለ ሐይቁ ወሬ ሲነሳ ጨዋታው ቶሎ ወደ ፋብሪካ ፍሳሽ ይሄዳል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ እንደተሠራ በወቅቱ በሰፊው ተነግሯል። ክትትሉ ይቀጥል፤ ተገቢ ነው። ለረግረግ ወፍ ግን ከሁሉ የቀረበው ጥያቄ ፊላው ቆሟል ወይ የሚለው ነው። ንጹሕ ውሃ ኖሮ ፊላ ከሌለ ቤቷ የለም። ፊላ የሚጠፋው ደግሞ በትልቅ ክፋት አይደለም። አንዱ ለዕይታ ያጸዳዋል። ሌላው ለጀልባ መቆሚያ ይቆርጠዋል። የኮሪደር ልማቱ ወደ ክልል ከተሞች ከወረደ ወዲህ "ዳርቻውን ማስዋብ" የሚለው ቃል በየስብሰባው ይሰማል። አምሮ ሲታየን ብዙ ጊዜ ተላጭቷል ማለት ነው።

አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ወዳለ ማረፊያ ገባሁ። ግቢው ሳሩን እስከ ውሃው አፍ አስተካክሎ ከርክሞታል። ባይኖኩላሬን ሳወጣ ጥበቃው መጣ። "በዚህ ማየት ክልክል ነው።" ወፍ ነው አልኩት። "ወፍም ቢሆን።" ከዚያ ትንሽ አዝኖልኝ መሰለኝ፣ "ለነገሩ ከቆረጥነው ወዲህ የሚታይ የለም" አለኝ። ከብዙ ሪፖርት የተሻለ መረጃ ነበር።

እምቦጭም አለ። እምቦጭ በአገራችን ከተመዘገበ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አዳማ አጠገብ ቆቃና አዋሽ ላይ ነው መጀመሪያ የታየው። አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ የወፍ ቤት የሚመስለው ሰው አለ። ጃካና የምትባለው ባለረጅም ጣት ወፍ ላዩ ላይ ትሄዳለች፤ ጎጆ የምትሠራበት፣ ምግብ የምታገኝበት ድብልቅ ረግረግ ግን አይተካም።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ቄጠማ ነው፤ ምክንያቱም የክፉ ሰው ሥራ አይደለም። ጳጉሜ ላይ ጥቁር ውሃ መንገድ ዳር እስር እስር ቄጠማ ይደረደራል። እንቁጣጣሽ ነው፤ ቡና ያለ ቄጠማ ምን ያምራል? ከአንዲት እናት ሁለት እስር ገዛሁ። እጃቸው በቄጠማው ስለት ተቆራርጧል። ቄጠማው ገና ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሥሩ ላይ ጥቁር ጭቃ አለ። ሲያጭዱ ወፍ ያጋጥማቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ወፍ ሞልቷል የኔ ልጅ። እንቁላሉን እናገኘዋለን። እኔ እዘለዋለሁ፣ ያቺን ታህል ጉብ ያለች ቄጠማ እተዋለሁ። ልጆቹ ግን የት ይተዋሉ?"

ይህን የነገሩኝ ዋጋ እየተከራከርን ነው። የየትኛው ወፍ እንቁላል እንደሆነ አላውቅም፤ እሳቸውም ስሙን አልነገሩኝም። ግን ጊዜውን ልብ በሉ። ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜ፣ ረግረጉ የሞላበት፣ ጎጆ ያለበት ሰሞን ነው። ልክ በዚያ ሰሞን መላ ከተማው ቄጠማ ይፈልጋል። እኔ ቄጠማ ይቅር አልልም፤ ቤቴም ይጎዘጎዛል። ግን በዚያ ሰሞን እዚያ ረግረግ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቁት አጫጆቹ ብቻ ናቸው። ጠይቋቸው የሚያውቅ ግን የለም።

ታዲያ ለምን ክረምት ላይ አይኬድም?

ሰነፍነት አይደለም። ምክንያቶቹ አሰልቺ ናቸው፤ ስለዚህም አይወሩም።

የመጀመሪያው የበጀት ዓመት ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ሰኔ ላይ ገንዘብ አልቋል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲሱ ገና አልተለቀቀም። የነዳጅና የውሎ አበል ፈርሙልኝ ብትሉ "መስከረም ላይ ና" ይሏችኋል። ወፏ መስከረም ድረስ አትጠብቅም። ሁለተኛው ትምህርት ነው። ወንዶ ገነት ላይ የዱር እንስሳት ትምህርት የሚሰጥ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አለ፤ ከዚህ የተሻለ የሰው ኃይል የት ይገኛል? ግን ክረምት ላይ አብዛኛው ተማሪ ቤተሰቡ ጋ ነው። ሦስተኛው ጉማሬ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። የረግረግ ወፍ ደህና የሚሰማው ሲመሽና ሲነጋ ነው፤ ጉማሬም ከውሃ ወጥቶ የሚግጠው ያኔ ነው። በጨለማ ፊላ ውስጥ ስፒከር ይዞ መቆም ለአሜሪካ ፕሮቶኮል ይመቻል፤ ለእኛ ሐይቅ አይመችም። ትንኙን ሳልቆጥር ነው።

ስለዚህ ከውጭ የመጣውን ዘዴ እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። የድምፅ ማጫወቱም ልጓም ይፈልጋል። ድምፅ ስታሰሙ ወፏ ጠላት መጣ ብላ ጎጆዋን ትታ ትወጣለች። አንዴ ሁለቴ ለጥናት ቢሆን ይሁን። አስጎብኚ ለእንግዳው በየቀኑ ቢያደርገው ግን ማሰቃየት ነው።

ለእኛ የሚሻለው መቅረጫ ተክሎ መሄድ ይመስለኛል። ኦዲዮሞዝ የሚባል ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጥ መሣሪያ አለ። ውሃ በማያስገባ ሽፋን ከእንጨት ጋር ታስሩታላችሁ። ሲመሽ አንድ ሰዓት፣ ሲነጋ አንድ ሰዓት እንዲቀዳ ታዙታላችሁ። እናንተ ቤታችሁ ትተኛላችሁ፤ ጉማሬውም በሰላም ይግጣል። ከሳምንት በኋላ መጥታችሁ ትወስዱታላችሁ። ያኔ ነው እውነተኛው ሥራ፤ የተቀዳውን ቁጭ ብሎ መስማት። ይህ ደግሞ ጆሮው የለመደ ሰው ይፈልጋል። ኮምፒውተር ያግዛል፣ ግን የዚህን ሐይቅ ድምፅ መጀመሪያ የሚያስተምረው ሰው ያሻዋል።

ጆሮው የለመደ ሰው ደግሞ አለ። መረቡን ማታ ጥሎ ንጋት ላይ የሚያነሳው አሳ አስጋሪ በዓመት ስንት ሌሊት እዚያ ፊላ ዳር ያሳልፋል? የወፉን ሳይንሳዊ ስም አያውቅም። ግን የትኛው መቼ እንደሚጮኽ፣ የት ዝም እንዳለ ያውቃል። "እዚያ ጋ ድሮ ነበሩ፣ ከተቆረጠ ወዲህ የሉም" ሲል የሚናገረው የብዙ ዓመት ምልከታ ነው። አንድ እንቅፋት አለ፤ የጋራ ስም የለንም። አባ ኮዳ፣ ሳቢሳ፣ ጭላት ስንል እንግባባለን። የፊላዎቹ ግን ብዙዎቹ በአማርኛ የተለመደ ስም የላቸውም፤ "የውሃ ዶሮ" ብለን በጅምላ እንጠራቸዋለን። ስለዚህ በስም ሳይሆን በድምፅ መጠየቅ ነው። ስልክ ላይ የተቀዳውን ማሰማት። "ይህን ያውቁታል? የት? መቼ?"

ይህንኑ ሞከርኩት። ባለፈው ነሐሴ፣ ያንኑ ወረቀት ይዤ፣ እኚያኑ ጋሼ ፈልጌ አገኘኋቸው። ሲነጋጋ በጀልባቸው ፊላውን ታክከን ወጣን። ሌሊት ዘንቦ ነበር፤ ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል። እሳቸው ቀዘፋውን አቆሙ። ዝም አልን።

መጀመሪያ ኩከል የምትባለው ወፍ ጀመረች፤ ከጠባብ አፍ ጀሪካን ውሃ ሲንቆረቆር የሚመስል ድምፅ። ቀጥሎ ከግራ በኩል አንዷ ክሬክ ተንጫጫች፤ ሌላዋ ከሥሯ እንደሚንተከተክ ድስት ጉርርር ብላ ተቀበለቻት። ጥንድ ናቸው፤ የሚጮኹት እየተቀባበሉ ነው። ጸጥ አሉ። ከፊት ሌሎች መለሱ። ጋሼ ጣታቸውን እያነሱ አቅጣጫውን ያሳዩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ጀልባዋን ትንሽ ገፍተው እንደገና ያቆማሉ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ዘጠኝ ቦታ ሰማን። በዓይን ያየነው አንዷን ብቻ ነው፤ እሷም ቀይ እግሯን አሳይታ ገባች።

ወረቀቱ ላይ ያለው ዓምድ "የታየ ብዛት" ነው የሚለው። የተሰማ የሚል የለም። እዚያ "1" ጻፍኩና ዘጠኙን ኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ አሰፈርኩ።

ጋሼ ከትከሻዬ በላይ አዩት። "ያላየኸውንም ትጽፋለህ እንዴ?"

"ሰምቼዋለሁ ጋሼ።"

"እኔም ሰምቻለሁ። የኔንም ጻፍ እንግዲያ።"

"ያው ዘጠኙ ናቸው እኮ፤ ሁለቴ መቁጠር ይሆናል።"

"እንግዲያው ከዚያ ማዶ ያለውን ጻፍ" አሉና ቀዘፋውን አነሱ። "እሱን አንተ ገና አልሰማኸውም።"